ያለ ክፍያ የተከፈተ የትምህርት በር
የአባቶችን ጽሑፍና ቃል በኮምፒዩተር ለማጥናት የሚያስችል ትምህርት ከየት ይገኛል? ለእኛስ ቤተሰቦች ምን ይጠቅማል?

ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲዘጋጅ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ይህ ትምህርት እንጀራ ያበላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። አባት በጥበቃ፣ እናት በጽዳት ሥራ ደክመው ያሳደጉት ልጅ ቶሎ ሥራ ይዞ ቤቱን እንዲደግፍ መመኘት የወላጅ ወግ ነው። በዚህም ምክንያት ነርስነት፣ ሕግና ኮምፒዩተር የተመሰገኑ ትምህርቶች ሲሆኑ፣ ታሪክ፣ ቋንቋና የጥንት መጻሕፍት ጥናት ግን «የጠገበ ሰው ትምህርት» ተብለው ወደ ጎን ይተዋሉ። ለሥራ በየቤቱ ስገባ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተርና የጥንት መጻሕፍት ጥናት ዛሬ ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አይደሉም። ሁለቱ የተገናኙበት የጥናት መስክ በእንግሊዝኛ «ዲጂታል ሂውማኒቲስ»፣ በዕብራይስጥ ደግሞ «ማድዔ ሃሩዋሕ ዲጊታሊዪም» ይባላል። በቀላል አማርኛ ስንገልጸው፣ የሰውን ልጅ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖትና ጽሑፍ በኮምፒዩተር እየታገዙ ማጥናት ማለት ነው። የዚህን መስክ መሣሪያዎች ለመጠቀም የሚያስችለው ትምህርት በብዛት ያለ ክፍያ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚገኝ፣ በተለይም ሽማግሌዎቻችንንና ልጆቻችንን በምን እንደሚመለከት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

በ1949 ሮቤርቶ ቡሳ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ ወደ አሜሪካ ተጉዞ አይ.ቢ.ኤም. ከተባለው ኩባንያ ጋር ተነጋገረ። ፍላጎቱ የቶማስ አኩዊናስን የላቲን መጻሕፍት ቃል በቃል ቆጥሮ፣ እያንዳንዱ ቃል የት የት ቦታ እንደተጻፈ የሚያሳይ ማውጫ ማዘጋጀት ነበር። ሥራው 30 ዓመት ያህል ፈጀ፤ በመጨረሻም 56 ጥራዝ ሆኖ ታተመ። ቃላቱን በካርድ ላይ እየበሱ ለመኪናው ያቀረቡት ግን በአብዛኛው ጋላራቴ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የቡሳ ስም በየመጽሐፉ ሲጠቀስ የእነዚህ ልጃገረዶች ስም ለብዙ ዓመታት የሚያስታውሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን በእስራኤልም ሥራው ቀደም ብሎ ነው የተጀመረው። በ1963 በዋይዝማን ተቋም የሚሠራው አቪዬዝሪ ፍሬንከል የራቢዎችን የጥያቄና መልስ መጻሕፍት በኮምፒዩተር የሚፈልግ ፕሮጀክት ጀመረ። ይህም ኋላ ወደ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ «ሬስፖንሳ» በሚል ስም ታወቀ፤ በ2007 የእስራኤልን ሽልማት አግኝቷል። በፊት አንድ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ ገጽ እየገለጠ የሚፈልገውን ጥቅስ ዛሬ አንድ ተማሪ በቅጽበት ያገኘዋል።

መሣሪያዎቹ የሚሠሩትን ሥራ ለመረዳት ከራሳችን ልማድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሽማግሌዎቻችን ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። ሙሽራውና ሙሽራይቱ በየት በኩል እንደሚገናኙ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው እንደሄደ አንድ ሽማግሌ ከልቡ አውጥቶ ይዘረዝራል። የዲጂታል ሂውማኒቲስ ተማሪ «የግንኙነት ጥናት» ብሎ በኮምፒዩተር የሚሠራው ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰዎችን በነጥብ፣ ዝምድናቸውን በመስመር አድርጎ ይስላል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን መሣሪያው ብቻ ነው፤ መሣሪያ ደግሞ በትምህርት ይለመዳል።

ገንዘብ የማይጠይቅ መምህር

ከእነዚህ ክፍት ትምህርቶች መካከል በጣም የታወቀው «ዘ ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» ይባላል፤ «ፕሮግራም ጸሐፊው የታሪክ ተመራማሪ» እንደማለት ነው። በ2008 በካናዳ በሚገኘው የዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ተርከልና አላን ማክኢከርን የተባሉ ሁለት የታሪክ መምህራን ጀመሩት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። የታሪክ ተማሪ ኮምፒዩተርን በኮምፒዩተር መሐንዲስ ቋንቋ ሳይሆን በራሱ ሥራ ምሳሌ መማር አለበት አሉ። በ2012 ትምህርቱ በብዙ አዘጋጆች የሚመራ ሆነ፤ ቀጥሎ በስፓኒሽ፣ በ2019 በፈረንሳይኛ፣ በ2021 ደግሞ በፖርቱጋልኛ ተከፈተ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻ ከ100 በላይ ትምህርቶች አሉት።

እያንዳንዱ ትምህርት የሚሠራበት መንገድ ከመማሪያ መጽሐፍ ይለያል። መጀመሪያ ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል ይነገረዋል። ቀጥሎ ምን ዓይነት ኮምፒዩተርና ፕሮግራም እንደሚያስፈልገው ይገለጻል፤ በአብዛኛው ፕሮግራሞቹም ነፃ ናቸው። ከዚያም የሚለማመድበት እውነተኛ ጽሑፍ ወይም ሠንጠረዥ ይሰጠውና እርምጃ በእርምጃ አብሮ ይሠራል። የትምህርቱ ጸሐፊ፣ ያረሙትና የመረመሩት ሰዎች ስም በላዩ ላይ ተጽፏል። ያረጀና የማይሠራ ትምህርት ደግሞ ማንንም እንዳያሳስት «ጡረታ ወጥቷል» ተብሎ ለብቻ ይቀመጣል።

ከዚህ ሌላም አለ። «ዘ ካርፐንትሪስ» ማለትም «አናጢዎቹ» የሚባለው ድርጅት ሥሩ በ1998 የተጀመረ ሲሆን፣ ለተመራማሪዎችና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የኮምፒዩተር ሥራን ከመሠረቱ የሚያስተምሩ ጽሑፎችን ለሁሉም ከፍቷል። የአውሮፓ አገሮች በአንድነት ያቋቋሙት «ዳሪያ» የተባለው ድርጅትም ከየአገሩ የተሰበሰቡ ትምህርቶችን «ዳሪያ ካምፓስ» በተባለ ቦታ ያለ ክፍያ ያቀርባል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ትምህርቱ ነፃ ነው ማለት ምንም አያስወጣም ማለት አይደለም። ኮምፒዩተር ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ እንግሊዝኛ ይፈልጋል። በኡልፓን ዕብራይስጥ ገና እየተማረ ላለ ሰው ሦስተኛ ቋንቋ መጨመር ቀላል ሸክም አይደለም። «ዘ ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» በዕብራይስጥም በአማርኛም አልተዘጋጀም። ነገር ግን የታተመበት ፈቃድ፣ ማንም ሰው የጸሐፊውን ስም ጠቅሶ ወደፈለገው ቋንቋ እንዲተረጉመውና እንዲያስተምርበት ይፈቅዳል። የስፓኒሹም ክፍል የተጀመረው ከትርጉም ነው። እንግሊዝኛውን የተሻገሩ ልጆቻችን አንዱን ትምህርት ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ቢመልሱት የሚከለክላቸው የለም።

ኮምፒዩተር የእጅ ጽሑፍን እንዴት ያነባል?

ለቤተ እስራኤል በቀጥታ የሚመለከተው ክፍል ይህ ነው። ሰዎች በእጅ የጻፉትን አሮጌ መጽሐፍ ኮምፒዩተር እንዲያነበው ለማድረግ መጀመሪያ ገጹ ፎቶግራፍ ይነሳል። ኮምፒዩተሩ የገጹን መስመሮች ለይቶ እንዲያውቅ ይደረጋል። ከዚያም ጽሑፉን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ብዙ ገጾችን በትክክል ይገለብጣል። ኮምፒዩተሩ ሥዕሉንና የተገለበጠውን ፊደል እያስተያየ ይማራል፤ ሲበቃውም አዲስ ገጽ ይሰጠውና ራሱ ይሞክራል። ስህተቱን ሰው ያርመዋል፤ ከእርማቱም እንደገና ይማራል። በሌላ አነጋገር ኮምፒዩተሩ እንደ አንድ ተማሪ ነው፤ መምህር ከሌለው አያነብም።

ይህን የሚሠሩ የታወቁ መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ትራንስክሪቡስ» ሲሆን በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ከ2019 ወዲህ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይተዳደራል። የተወሰነ ገጽ ያለ ክፍያ፣ ከዚያ በላይ ግን በክፍያ ያነባል። ሁለተኛው በፓሪስ የተሠራው «ኢስክሪፕቶሪየም» ሲሆን ፕሮግራሙ ነፃና ክፍት ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። የሁለቱም አጠቃቀም የሚማርባቸው ጽሑፎች ለሁሉም ክፍት ናቸው። በ2023 ደግሞ በ«ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» የፈረንሳይኛ ክፍል፣ በኮምፒዩተር ብዙ ያልተሠራባቸውን ቋንቋዎች መኪና እንዲያነብ ማስተማሪያ መንገዱን የሚያሳይ ትምህርት ወጥቷል።

በእስራኤል «ቲኩን ሶፍሪም» የተባለው ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና የፓሪስ ሊቃውንት በአንድነት ሆነው የ«ሚድራሽ ታንሑማ» የእጅ ጽሑፎችን መጀመሪያ በኮምፒዩተር አስነበቡ፤ ከዚያም ዕብራይስጥ የሚያነብ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው እንዲያርም ጋበዙ። በአሜሪካም በ2017 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የካይሮ ገኒዛን ቁርጥራጭ ጽሑፎች ለመለየት ተመሳሳይ ግብዣ አድርጓል። በዚያ ሥራ ላይ የሚሳተፍ ሰው ዲግሪ አልተጠየቀም። አጭር ትምህርት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሥራውን ይጀምራል።

የግዕዝስ? የግዕዝ ጽሑፍ ለመኪና ከላቲን ይልቅ ይከብዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ሲሆን የእኛ ግን እያንዳንዱ ፊደል በሰባት ይባዛል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ቅጥያዋ ከወገቡ ወይም ከእግሩ መሆኗ ብቻ ነው። ብራናው ሲያረጅና ቀለሙ ሲደበዝዝ እንዲህ ያለው ትንሽ ምልክት ይጠፋል። ያም ሆኖ ለግዕዝ የእጅ ጽሑፍ የሠለጠነ የ«ትራንስክሪቡስ» ንባብ ዛሬ አለ። በጀርመን የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል ስም የኢትዮጵያና የኤርትራን የእጅ ጽሑፎች በኮምፒዩተር ይመዘግባል፤ ሥራው እስከ 2040 እንዲቀጥል የታቀደ ነው። መዝገቡም ሆነ ሠራተኞቹ የሚመሩበት ደንብ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ የግዕዝ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመዘገብ መማር ለሚፈልግ ሰው እንደ ትምህርት ቤት ያገለግላል። ከዚህ በፊትም በ1973 በተጀመረ ሥራ ከ9,000 የማያንሱ የኢትዮጵያ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን ሲመዘግቡ ብዙ ዓመት ደክመዋል።

የቤተ እስራኤል መጻሕፍትም በየቦታው ተበትነው ይገኛሉ። አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰበሰባቸው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ያዕቆብ ፋይትሎቪች የሰበሰባቸው ደግሞ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ አሉ። በቄሶች ቤት በጨርቅ ተጠቅልለው የተቀመጡም አሉ።

ቄሱና ተማሪዋ በአንድ ጠረጴዛ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መጽሐፉን ፎቶግራፍ ማንሳት ይቻላል፤ ፊደሉንም መኪና ሊያነበው ይችላል። ነገር ግን ኦሪቱ በግዕዝ ሲነበብ ቄሱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚሰጡት ትርጉም በብራናው ላይ አልተጻፈም። ያ ትርጉም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የመጣ ነው። ቄሱ ሲያርፉ ብራናው ይቀራል፣ ትርጉሙ ግን አብሯቸው ይቀበራል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ሥራ ጀምረዋል። በ1986 ከፈረንሳይና ከእስራኤል የመጡ ተመራማሪዎች የቄሶችን የጸሎት ዜማ በእስራኤል ቀድተዋል፤ ከዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መጽሐፍና ቅጂ በ2019 ታትሟል። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲም ከማኅበረሰባችን የተወለዱ ተማሪዎች ኦሪትን በቤተ እስራኤል ወግ የሚያጠኑበት «የኦሪት ጠባቂዎች» የተባለ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ተጀምሯል። እነዚህ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ከሥራው ስፋት ጋር ሲተያዩ እጆቹ ጥቂት ናቸው።

በአንድ ቤት ያየሁትን ላንሳ። አያት ቄስ ናቸው፤ የልጃቸው ልጅ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እሷ የአንዲት ገጽ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ከፍታ ታሳያቸዋለች።

«አባባ፣ መኪናው እንዲህ ብሎ አነበበው። ልክ ነው?»

«የት አለና ልጄ! ይኸ ቃል እንዲህ አይነበብም። እስቲ ከፍ አድርጊው፣ ዓይኔ አይለይም።»

ገጹን አተለቀችላቸው። እሳቸው ቃሉን አነበቡ፣ እሷ ጻፈች። ከዚያም ሳትጠይቃቸው ትርጉሙን ጨመሩላት፤ እሷም ድምፃቸውን ቀዳች። እሳቸው ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም፤ እሷ ግዕዝ አታነብም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን በየትኛውም አገር ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ሙሉ ተመራማሪ ሆኑ።

ከላይ ስለ ጋላራቴ ልጃገረዶች የጠቀስነው እዚህ ላይ ይመጣል። በዚህ መስክ እውቀት የሚሰጠው ሰው ስሙ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ቄሱ አንብበውና ተርጉመው ሲያበቁ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሌላ ሰው ስም ብቻ ሊወጣ ይችላል። የእኛ ልጆች መሣሪያውን ካወቁ ግን የሥራው ባለቤት ከሚሆኑት መካከል ናቸው። የትኛው ጽሑፍ እንደሚቀድም፣ ምን እንደሚታተምና ምን በቤት እንደሚቀር፣ የማን ስም እንደሚጻፍ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ከእንጀራው ጥያቄ ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ስማችን በሠንጠረዥ ውስጥ

ሌላው የሚመለከተን ነገር የስም ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል አልነበረንም፤ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። እስራኤል ስንደርስ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ ብዙ ልጆችም የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። በዚያ ላይ የአማርኛን ስም በዕብራይስጥ ሲጽፉ «ተ»ን አንዱ ጸሐፊ በታቭ፣ ሌላው በቴት ይጽፈዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በሌላ ወረቀት ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ሁለት ሰው ይመስላል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ ብዙ ስህተት ገብቷል።

ታሪክ የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲገጥመው «ኦፕን ሪፋይን» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጠቀማል። ይህ ፕሮግራም በ2010 ተጀምሮ ለጥቂት ጊዜ በጉግል ሥር ከቆየ በኋላ በ2012 ከጉግል ወጥቷል። የሚቀራረቡ ስሞችን ይሰበስብና «እነዚህ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» ብሎ ይጠይቃል። ውሳኔው የሰው ነው፤ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ካልወሰነ ወንድማማቾችን አንድ ሰው ሊያደርግ ይችላል። «ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» ይህን መሣሪያ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ከሚገኝ ሙዚየም በተወሰደ የዕቃ ዝርዝር ያስተምራል። ሙዚየሙ የራሱ ጉዳይ ነው፤ የተማረ ሰው ግን ያንኑ ዘዴ ከየወረዳው፣ ከሰሜን ጎንደርም ይሁን ከትግራይ፣ የመጡ ቤተሰቦችን ዝርዝር ለማስተካከል ሊያውለው ይችላል።

እንጀራን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ነፃ ትምህርት መጨረስ ብቻውን ሥራ አያስይዝም። ብዙዎቹ ትምህርቶች የምስክር ወረቀትም አይሰጡም። ነገር ግን የተበላሸ ሠንጠረዥ ማስተካከል፣ ሰነድ መመዝገብና ማስቀመጥ፣ ቀላል ፕሮግራም መጻፍ በማኅደር ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በመሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያገለግል ችሎታ ነው። ታሪክ ወይም ቋንቋ የመረጠ ልጅ ይህን ቢጨምርበት ባዶ እጁን አይወጣም።

ድምፅ ከመቅዳት በፊት ፈቃድ

የተቀዳ የሽማግሌዎችን ንግግር ለመጻፍ የሚያገለግል «ኤላን» የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በኔዘርላንድ የሚገኝ የማክስ ፕላንክ የቋንቋ ምርምር ተቋም ያዘጋጀው ነው። ከድምፁ ሥር አንዱን መስመር በአማርኛ፣ ሌላውን በዕብራይስጥ ለመጻፍ ያስችላል። ስለዚህ አማርኛ የማይሰማ የልጅ ልጅ የአያቱን ድምፅ እየሰማ ትርጉሙን ያነባል።

ነገር ግን ከመሣሪያው በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በሱዳን በኩል የመጡ ቤተሰቦች በመንገድ ላይ ዘመዶቻቸውን ቀብረዋል። በዚያ ጉዞ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። በቅርቡ የመጡት ደግሞ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቀው፣ አባት ወይም ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶባቸው የመጡ አሉ። ልጅ በስልኩ «እስቲ ንገሪኝ» ብሎ ሲጀምር እናት የዘጋችው ቁስል ሊከፈት ይችላል። ስለሆነም የሚከተሉትን ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፣ ፈቃድ ይጠየቅ። ድምፁ ለማን እንደሚሰማ፣ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይነገር። ለቤተሰብ ብቻ የተባለ ነገር ለሕዝብ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ተናጋሪው «ይበቃኛል» ካለ ይቁም። ሽማግሌ ዝም ሲል ዝምታውም መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ የሌላ ሰው ምሥጢር ከሆነ፣ ለምሳሌ የጋብቻ ጠብ ወይም በሽታ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይጻፍ።

አራተኛ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሐዘን ከተቀሰቀሰ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮን ወይም የጤና ጣቢያውን ሐኪም ማነጋገር ነውር አይደለም።

የተቀዳውም እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ ዛሬ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የፊደል አሠራር ነበረው። የግዕዝ ፊደል «ዩኒኮድ» ወደተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚጻፈው በዩኒኮድ ይሁን። ፋይሉ ቢያንስ በሦስት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ በስሙም ላይ ዓመት፣ ወርና ቀን በቅደም ተከተል ይጻፍ። በስልክ ብቻ የተቀመጠ ድምፅ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

ከየት ይጀመር?

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ታሪክ ወይም ቋንቋ ልማር ሲል ወዲያው «አይሆንም» ከማለት በፊት ከትምህርቱ ጋር የኮምፒዩተር ሥራ የሚሰጥ መሆኑን ዩኒቨርሲቲውን እንዲጠይቅ ንገሩት። አዲስ ገቢ ከሆናችሁ ስለ ትምህርት ክፍያ እርዳታ የተማሪዎች አስተዳደርን፣ ማለትም ሚንሃል ሃስቱደንቲምን ጠይቁ።

ለራሳችሁም የሚጠቅም ነገር አለ። «ዲክታ» የተባለው የእስራኤል የጽሑፍ ምርምር ማዕከል «ናክዳን» የሚባል ነፃ መሣሪያ ከፍቷል። ያለ ኒኩድ የተጻፈ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ሲሰጠው ኒኩዱን ይጨምርለታል። በኡልፓን በኒኩድ ማንበብ የጀመረ ሰው ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ሲያስቸግረው ልጁን ጠርቶ በዚህ መሣሪያ ያስከፍተው፤ ቃሉን ራሱ ያነበዋል። የግል ቁጥር፣ የሐኪም ወረቀትና የመሳሰለው ምሥጢር ግን በእንዲህ ያለ ቦታ አይግባ።

ለወጣቶች፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ትምህርት አትክፈቱ። ከ«ፕሮግራሚንግ ሂስቶሪያን» ለጀማሪ የተባለ አንድ ትምህርት መርጣችሁ ጨርሱ። እንግሊዝኛው ከከበደ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በማትናስ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ተማሩ። ከዚያም በሰው ምሳሌ የተማራችሁትን በራሳችሁ ቤት ነገር ሞክሩት፤ የአያታችሁን የትውልድ ሐረግ፣ የመንደሮችን ስም፣ አንድ የጸሎት ቅጂ።

ለሁሉም የሚሆን ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። «በዚህ መስክ አሠልጥነን ሥራ እናስይዛለን» ብሎ በሺህ የሚቆጠር ሸቀል አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ከመፈረማችሁ በፊት አማክሩ። የመሠረቱ ትምህርት በነፃ እንዳለ አሁን አውቃችኋል።

በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ማንም በየቤታችን መጥቶ አይጠራንም። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል፣ ከዛሬውም የተሻለ ይሆናል። ኦሪቱን ከነትርጉሙ የሚያውቁት ቄሶችና ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ኮምፒዩተሩን እስኪማሩ አንጠብቅ፤ በመጪው ሰንበት ማግስት ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠው፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ አንድ ሰዓት ያዳምጡ። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።